የሁለት ከድሮች አንድ ደብዳቤ

ጡረታ የወጣ ሰው አርፎ ይቀመጣል ይባላል። እኔ ግን መቀመጥ ያቃተኝ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነው። ጠዋት ከጎባ በሚኒባስ ተሳፍሬ ሮቤ እሄዳለሁ። ሮቤ ምንም ጉዳይ የለኝም፤ አንድ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እግሬ ያው መናኸሪያ ይወስደኛል። ባለቤቴ አስካለ "ለምን ረዳት ሆነህ አትቀጠርም? ቢያንስ ሂሳቡ ይቀርልሃል" እያለች ትቀልድብኛለች። ባለፈው ሳምንት እንዲሁ ስመላለስ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ዞር ስል ጢሙን በሂና ያቀላ ሽማግሌ ድዱ እስኪታይ ይስቃል። "አንተ ገዳዬ! ናጋ ጂርታ? ሰላም ነህ?" አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። "ይኸውላችሁ፣" አላቸው፣ "ይህ ጌታሁን የሚባል ሰውዬ በወጣትነቴ በማኅተም ገድሎኝ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ሳልሰማ ቀረሁ።" ከድር ሁሴን ነው። ባገኘኝ ቁጥር ይህችን ቀልድ ሳይናገራት አያልፍም፤ እኔም ሳልስቅለት አላልፍም። የዚያን ቀን ግን ሳቁን ሲጨርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና "ለመሆኑ ያኛው ከድር ቤቱ ተገኘ?" ሲል ጠየቀኝ። በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ "ገና ነው" አልኩት። ዋሸሁት። ቤቱን ካወቅሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል።

ይህን ለማስረዳት ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ፤ መንገዱም ደስ የሚል ስለሆነ ቶሎ አልደርስም። ያኔ ሁሉ ነገር ጎባ ነበር። የጊኒር ሰው ለመክሰስም ለመከሰስም ጎባ ይመጣል፤ የዲንሾ ሰው ለሕክምናም ለማኅተምም ጎባ ይመጣል። ሻይ አሥር ሳንቲም ነው፤ ዳቦ ስትጨምርበት ሃያ አምስት። ሮቤ ድረስ በሃምሳ ሳንቲም ትሄዳለህ፤ ያውም ሾፌሩ ካወቀህ ነገ ትከፍላለህ። ከገበያው ከፍ ብሎ መታጠፊያው ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱሪያችንን ከጉልበት በታች እያሰፋ እያሰፋ፣ በመጨረሻ ጫማ የሚባል ነገር ከከተማው ጠፋ። እኔም በመጀመሪያ ደሞዜ አንድ ቡኒ ሱሪ አሰፍቼ፣ በጎባ ጭቃ ላይ እሱን ሰብስቦ መሄድ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖብኝ ነበር። ጸጉር ይጎፈራል፤ ማበጠሪያዋ ከኋላ ኪስ ብቅ ብላ ትታያለች። ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ ጠዋት የኦሮምኛ ዘፈን፣ ከሰዓት የአማርኛ ይመጣል፤ ጉሙ ደግሞ ከሰናቴ ተራራ ወርዶ ሁለቱንም ያፍናቸዋል። አሁን በዚያ ማዕዘን ሳልፍ የሞባይል ካርድ የምትሸጥ ልጅ አለች። ልብስ ሰፊውን ታውቀው እንደሆነ ጠየቅኋት፤ አታውቀውም። ለምን ታውቀው?

የተቀጠርኩት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው። አለቃዬ ጋሽ ይርዳው ይባላሉ። ካኪ ኮት ለብሰው በላዩ ጋቢ ይደርባሉ፤ እሳት ለወረቀት ጠላት ነው ብለው ከሰል ስለከለከሉ፣ ጣታቸው ላይ ጫፉ የተቆረጠ የሱፍ ካልሲ ያጠልቃሉ። ብል እንዳይበላው በየፋይሉ መሃል የባሕር ዛፍ ቅጠል ይጎዘጉዛሉ። የዚያ ቤት ሽታ እርጥብ ወረቀት፣ የአይጥ መርዝና ባሕር ዛፍ ነበር፤ እስከ ዛሬ ኮቴ ውስጥ አለ ትላለች አስካለ። ጋሽ ይርዳው ባለጉዳይ መስኮቱ ጋ ሲቆም ስሙን አይጠይቁትም። መጀመሪያ "ቢሻን ኤሳ ዱግዱ?" ይሉታል፤ ውሃ የምትጠጡት ከየት ነው? ማለት ነው። የአገራችን ሰው ግማሹ ከድር ነው፣ ግማሹ ሁሴን፤ የቀረው አሊዪ ነው። ገበያ መሃል ቆመህ "ከድር ሁሴን!" ብትል ሃያ ሰው ይዞርልሃል። ስለዚህ መደርደሪያዎቹ ስማቸው በውሃ ነበር፤ ይኼኛው ሻያ፣ ያኛው ቶጎና፣ በስተግድግዳው ወይብ፣ ከየሥራቸው ደግሞ ትንንሾቹ ምንጮች። ባለጉዳዩ ውሃውን ሲናገር ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ይሰዳሉ፤ ፋይሉም ይወጣል። "ቀበሌው ይለወጣል፣ ሹሙም ይለወጣል፤ ውሃው እዚያው ነው" ይሉ ነበር።

ደሞዙ? ስለ ደሞዙ ባልናገር ይሻላል። መዝገብ ቤት የተመደበ ሰው አንድ ያጠፋው ነገር አለ ይባል ነበር። አብረውኝ የተቀጠሩት ወደሌላ ክፍል እየተዛወሩ ሁለት ሁለት ክፍል ቤት ሲሠሩ፣ እኔ ከእናቴ ጓሮ አልወጣሁም። ታዲያ ለምን ቆየህ? ያሉኝ ብዙ ናቸው። አንድ ጊዜ ከጊኒር የመጣች ሴት የአባቷን ፋይል ፈለገች፤ አባቷ የሞቱት እሷ ሳትወለድ ነው። ካንድ ውል ግርጌ የአውራ ጣታቸውን አሻራ አገኘሁላት። ሴትየዋ ማንበብ አትችልም። አሻራውን ዝም ብላ ስታየው ቆየችና የራሷን አውራ ጣት ቀስ አድርጋ እላዩ ላይ አሳረፈች። ከዚያ በሻሽዋ ቋጥራ ያመጣችውን የተቆላ ገብስ መስኮቱ ላይ አፍስሳልኝ ወጣች። የዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ምሳ አልበላሁም፤ ጋሽ ይርዳው ገብሱን ብቻቸውን ጨረሱት። እንዲህ ያለው ነገር በወር አንዴ ከመጣ ሰው ሌላ ሥራ አያምረውም። እኔን አላማረኝም።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አንድ ክረምት ጋሽ ይርዳው ጉልበታቸውን አሟቸው ለአንድ ወር ጠበል ገቡ። እሳቸው በሌሉበት ፋይል ሁሉ በፊደል ተራ ይቀመጥ የሚል ትእዛዝ ከላይ መጣ። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ በውሃ ስም ወረቀት መደርደር ሲያሳፍረኝ ነበር የኖረው። በአሥራ ሰባት ቀን ሁሉንም ገለበጥኩት። ሁሴኖች ከሁሴኖች፣ ከድሮች ከከድሮች ጋር ተሰለፉ። አለቆች መጥተው ጨበጡኝ። በማግስቱ ዝርዝር መጣ። በዚያ ዘመን ወጣቱ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ይሄድ ነበር፤ የማይመለሰው ሰው ስም በዝርዝር ይመጣና እኛ ለቤተሰቡ ደብዳቤ እንጽፋለን። ከስሞቹ አንዱ "ከድር ሁሴን" ይላል፤ የአያት ስም የለውም። ወደ አዲሱ መደርደሪያዬ ሄድኩ፤ መጀመሪያ እጄ የገባውን የአንድ ዘማች ከድር ሁሴን ፋይል አወጣሁ፤ ሮቤ አጠገብ፣ የሻያ ውሃ ሰው ነው። ደብዳቤውን በታይፕ አስመታሁ፣ አስፈረምኩ፣ አተምኩበት፣ በተላላኪ ላክሁት። ሌላ ከድር ሁሴን መዝመቱን አላየሁም፤ ለማየትም አልሞከርኩም። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

የሮቤው ቤት አለቀሰ። ሦስት ወር ያልሞላት ሙሽራ የባል ሐዘን መጠበቂያውን ዒዳ ገባች። በአርባኛው ቀን በሬ ታርዶ ሰደቃ ሲበላ፣ ከድር ከአንድ የእህል መኪና ላይ ወርዶ ወደ አባቱ ግቢ መጣ። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። "ማን ሞቶ ነው?" አለ። "ከድር" አሉት። "የትኛው ከድር?" አለ። የመለሰለት ሰው ቀና ብሎ ሲያየው ሳህኑ ከእጁ ወደቀ። ከድር እስከ ዛሬ "የራሴን ሰደቃ ሥጋ በላሁ፣ ጨው ያንሰው ነበር" ይላል። በማግስቱ ጎባ መጣ። ሊመታኝ ነው ብዬ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብ አደረግሁ፤ እሱ ግን ደብዳቤውን አውጥቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠና "ይህ ሞት የኔ አይደለም። ለባለቤቱ ስጡልኝ" ብሎ ሄደ። እኔ እፎይ ብዬ ሳቅሁ። ጋሽ ይርዳው ከጠበል ተመልሰው ነበር፤ እሳቸው አልሳቁም። "የዚህኛው ቤት ሳቀ፣" አሉኝ፣ "ሳይነገረው የቀረ አንድ ቤት ግን አለ። እሱን ሳታገኝ እንዳትሞት።"

ፋይሎቹን ወደ ውሃቸው መመለስ ጀመርን። ለማፍረስ አሥራ ሰባት ቀን የፈጀው፣ ለመመለስ ዓመታት ፈጀ። ሳንጨርሰው ጋሽ ይርዳው ጡረታ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ከዚያ ዘመኑ ተገለባበጠ፣ ሹሞች መጡ ሹሞች ሄዱ፣ ወረቀቱም በማዳበሪያ ከረጢት እየታጨቀ ከጎባ ወደ ሮቤ ተጫነ፤ እኔም አብሬው ተዛወርኩ። ሮቤ ያንን ከረጢት ስፈታ ነው ያገኘኋት። ከቢሮው በር ባሕር ዛፍ ሥር ይቀመጥ የነበረው ማመልከቻ ጸሐፊ የጻፋት አንዲት ገጽ ናት። ሙሚና የምትባል እናት፣ ዲንሾ አጠገብ የወይብ ውሃ የምትጠጣ፣ "ልጄ ከድር ሁሴን ካለም ይነገረኝ፣ ከሌለም ይነገረኝ" ትላለች፤ የዘመተበትንም ወር ጠቅሳለች። ከፋይሎቹ እንዳየሁት የዘመተ ከድር ሁሴን ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱ ተመልሷል። ከግርጌዋ በቀይ እስክሪብቶ "መረጃ የለም" ተብሎ ተጽፏል። ጽሕፈቱም ፊርማውም የኔ ነው። እሷ መስኮቱ ላይ ቆማ መልሱን በተቀበለችበት ሰዓት፣ ከድር የመለሰው ደብዳቤ ከጉልበቴ አጠገብ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ፖስታ ውስጥ ከተትኳቸውና ቅዳሜ ዲንሾ ሄድኩ። ከመኪና ስወርድ አንዲት ረዘም ያለች ሴት መንገድ ዳር ቆማ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ታያለች። ባለሱቁን ማን ናት ብዬ ጠየቅሁት። "ሙሚና ናት። ልጇን ነው የምትጠብቀው፤ በገበያ ቀን አትቀርም" አለኝ። ፖስታውን ኪሴ ውስጥ ጨበጥኩት። ይህችን ሴት በምን አፌ ነው የማረዳት? ተስፋዋ ነው ያቆማት፣ ተስፋዋን ብነጥቃት ትወድቃለች አልኩ። ለራሴ በጣም አዛኝ ሰው መሰልኩ። በሚቀጥለው መኪና ተመለስኩ። ጡረታ ስወጣ ሁሉን ቆጥሬ አስረከብኩ፤ ፖስታውን ግን ይዤ ወጣሁ። በሠላሳ ምናምን ዓመት ከመንግሥት የሰረቅሁት እሱን ብቻ ነው። አሁንም ይህን ስጽፍ ሦስት ጊዜ ተነስቼ በሩን አይቻለሁ፤ ማን እንደሚመጣብኝ አላውቅም።

ሚኒባሱ ውስጥ "ገና ነው" ካልኩት በኋላ ከድር አልሳቀም። ሮቤ ስንወርድ ክንዴን ያዘኝ። "ታውቀዋለህ" አለኝ። "ስማኝ ጌታሁን፣ እኔ በየረመዳኑ ለዚያ ሰው ዱዓ አደርጋለሁ። ስሙ ስሜ ነው። የኔ ሚስት አርባ ቀን ያለቀሰችው ለእሱ ነው። እናት አለው?" አለኝ። "አለችው" አልኩት። "ነገ ጠዋት እንሄዳለን። ካልመጣህ ጎባ ቤትህ ድረስ እመጣለሁ፤ ለአስካለም እነግራታለሁ" አለ። አስካለ ይህን ነገር አታውቅም፤ ከርሱ ማስፈራሪያ የፈራሁት እሷን ነው።

በማግስቱ አብረን ሄድን። መንገዱ አስፋልት ሆኗል፤ ገብሱ ግራና ቀኝ አሽቷል፤ ፈረሰኞቹ አሁንም አሉ፣ አንዳንዱ በፈረሱ ላይ ሆኖ ስልክ ያወራል። አዮ ሙሚናን (አዮ እናት ማለት ነው) ቤቷ በር ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘናት። አርጅታለች፤ ቁመቷ ግን አልጎበጠም። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰላሙ ተጠያየቅን። ከዚያ "እናንተ እነማን ናችሁ ልጆቼ?" አለችን። ከድር ሳያስብ "ከድር ሁሴን እባላለሁ" አላት። ከአፉ እንደወጣ ደነገጠ፤ እኔም እግሩን ረገጥኩት። አሮጊቷ አላለቀሰችም፣ አልተነሳችም። ፊቱን በደንብ አየችው፤ ግራ ጆሮውንም አየችው። "የኔው እዚህ ላይ ጠባሳ አለው። አንተ አይደለህም" አለች ረጋ ብላ።

ፖስታውን አወጣሁ። ደብዳቤውን በአማርኛ አነበብኩት፤ ከዚያ በኦሮምኛ ነገርኳት። ቃል አልጨመርኩም፤ አላስጌጥኩም። "መቼ ነው የሞተው ይላል?" አለችኝ። "ከዚህ በወጣ በአምስተኛው ወር" አልኳት። በጣቷ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ከዚያ የተናገረችውን እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ እኔ ላሳምረው አልችልም።

"ሰዎች ልጅሽ ሱዳን ገብቷል፣ አግብቷል፣ ወልዷል፣ ረስቶሻል ይሉኝ ነበር። እኔም አመንኩ። ጎባ ድረስ በእግሬ ሄጄ ስጠይቅ የለም አሉኝ፤ ሞቷል ግን አላሉኝም። ስለዚህ ትቶኛል አልኩ። በገበያ ቀን መንገድ ዳር የምቆመው አንድ ቀን ከመኪና ሲወርድ ባየው ጀርባዬን ልሰጠው ነበር። ከሶላት በኋላ ለአራቱ ልጆቼ ዱዓ አደርጋለሁ፤ የእሱ ስም ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ። አምስት ወር ብቻ? ኢልማ ኪያ፣ የኔ ልጅ። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን የሞተ ልጅ ነው ያኮረፍኩት።"

ከድር ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ ግን ለማልቀስ እንኳ መብት ያለኝ አልመሰለኝም። ተስፋዋን የጠበቅሁላት መስሎኝ የኖርኩት ሰውዬ፣ ጠብቄ ያቆየሁላት ቂሟን ኖሯል። ሃያ ዓመት ሙሉ ልጇን በዱዓ ማስታወስ ስትችል ወረቀቱ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። አዮ ሙሚና ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ በጉልበቷ ላይ ዘረጋችውና እጥፋቱን በጣቷ ዳሰሰች። የተጣጠፈበት መስመር ሊበጠስ ደርሷል። "ይህ ወረቀት አዲስ አይደለም። አንተ እጅ ከገባ ስንት ጊዜው ነው?" አለችኝ።

ከድር ቀደመኝ። "አዮ፣ ፋይል ብዙ ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ሲዛወር..." አለ። ሊያድነኝ ነበር። የገደልኩት ሰው ሊያድነኝ ነበር፤ እኔም ለአፍታ፣ ዝም ብል እድናለሁ አልኩ። ከዚያ "ይቅር፣ እኔ ልንገርዎት" አልኩና ከፊደል ተራው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። ምሳ ሰዓት ደርሶ እንደነበር ጭምር። ቀይ እስክሪብቶውን ጭምር። መንገድ ዳር ቆማ አይቻት መመለሴንም።

ስጨርስ ወረቀቱን በእጥፋቱ መልሳ አጠፈችው። ስድብ ጠበቅሁ፤ ይቅርታም ጠበቅሁ፤ ሁለቱም አልመጡም። "በኔና በልጄ መሃል የነበረው ዛሬ አለቀ፣" አለች፣ "ያንተን ገና አላየሁትም። ሐሙስ ለከድር ሰደቃ አደርጋለሁ። አገሩ ሁሉ ይመጣል፤ ረስቶሻል ያሉኝም ይመጣሉ። አንተም ትመጣለህ። ቆመህ ከድር እናቱን አልረሳም፣ ወረቀቱን የደበቅሁት እኔ ነኝ ትላቸዋለህ። እኔ ብናገር የእናት ወሬ ነው ይላሉ፤ አንተ ግን የመንግሥት ሰው ነበርክ፣ ያምኑሃል።"

ለአስካለ ማታውኑ ነገርኳት። ብዙ አልተናገረችም፤ ኮቴን አውጥታ ቦረሸችልኝ፣ ካልሲዬንም ጠቀመችልኝ። ከድር አብሮኝ እንደሚመጣ ነግሮኛል፤ "ዘንድሮ ጨው እንዳያንሰው እኔ ነኝ የማየው" ብሎ ሊያስቀኝ ሞክሯል። እኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ የምናገረውን ስፈልግ ቆየሁ። ከመቀመጫዬ እነሳለሁ፣ ግቢውን እዞራለሁ፣ ተመልሼ እጽፋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ወረቀት ለባለቤቱ ስሰጥ ኖሬ፣ የራሴን ሁለት ዓረፍተ ነገር ፍለጋ ይህን ሁሉ ገጽ ጨረስኩ። ሴትዮዋ ያለችኝ ቃል ራሱ ይበቃል፤ ከድር እናቱን አልረሳም፣ ወረቀቱን የደበቅሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ጮክ ብዬ ስለው ይወጣል። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ድምፄ ይጠፋል። ነገ ሐሙስ ነው።